አስካለን ሽሬ የሾምኋቸው አስተዳዳሪዎች

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሹም አይቻለሁ እንጂ ሹሜ አላውቅም ነበር። የሾምሁትም የሻርሁትም ካረጀሁ በኋላ ነው። ግዛቴም ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ያለች አንዲት ግቢ ናት፤ በተርታ የተሠሩ አራት የኪራይ ክፍሎች፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ ቧንቧ። ይህችን ለምታህል አገር ሦስት አስተዳዳሪ ቀያየርሁ። ትልቁን አገር የሚያስተዳድሩትን ሰዎች ድሮ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር እራገም ነበር። አሁን ትቻለሁ።

ግቢዋን የሠራናት ከሟች ባለቤቴ ጋር ነው። እሱ ጣና ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር፤ እኔ ወደቡ አጠገብ ዓሣ እጠብስ ነበር። ግንቡ ሲጀመር ባለቤቴ የዳሩን ክፍል ሰፋ ላድርጋት ብሎ ነበር። «ለምን? እዚያ የሚገባው ሰው ከሌላው በምን ይበልጣል?» ብዬ የቆመውን ግድግዳ አስፈረስሁት። ግንበኛው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። እኔ እንዲህ ነኝ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ዳቦ ስቆርስላቸው አንዱ ቁራሽ ከሌላው የበለጠ እንደሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ልጄ ስንዱ «እማዬ ዳቦ ስትቆርሺ ፍርድ ቤት የቆምን ይመስለን ነበር» ትላለች። ትበል። ፍርዱ ትክክል ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ስንዱ ነርስ ናት፤ የምትሠራውም የምትኖረውም መሸንቲ ነው። «ብቻሽን ወድቀሽ ከምትገኚ እኔ ዘንድ ነይ» ብላ ወሰደችኝ። መሸንቲ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን ጉልበት ለሌለው ሰው ከአልጋ እስከ ደጅም ሩቅ ነው። ስለዚህ ግቢዋን የሚይዝልኝ ሰው አስፈለገ። ያኔ ሳላስብ፣ ማንንም ሳላማክር፣ የመጀመሪያዋን ክፍል የተከራየችውን አስካለን ሾምሁ። ሰው ሳያስብ የሚሠራው ነገር አንዳንዴ ይሰምርለታል። ያበላሸሁት ማሰብ ስጀምር ነው።

አስካለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አንድ ሴት ልጅ አላት፤ ባል የላትም። ልጅቱን ስትወልድ ገንፎውን ያገነፋሁላት እኔ ነኝ። ሳቋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። በየሳምንቱ ትደውልልኛለች።

«እማማ፣ አገርዎ ሰላም ነው» ትለኛለች።

«ጠላትስ አልተነሣብኝም?»

«ከአይጥ በቀር የተነሣ የለም። ለእሷም ድመት አዝምተንባታል።»

ቆርቆሮ ሲያፈስ ታስደፍናለች፤ ተከራይ ሲጣላ ታስታርቃለች፤ ኪራዩን ሰብስባ ትልክልኛለች። እኔ መሸንቲ ላይ እግሬን ዘርግቼ የልጅ ልጆቼን እቆጣለሁ። ኑሮ ማለት ይህ ነበር። አላወቅሁበትም።

አሁን ወደ ውሃው ልግባ። ጣናን የሚያህል ባሕር አጠገባችን ተኝቶ፣ ዓባይም ከተማችንን አቋርጦ እየሄደ፣ እኛ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ለምን እንደሆነ አንድ የተማረ ሰው ጠይቄ ነበር። «ግፊት ነው» አለኝ። ግፊት ምን እንደሆነ ስጠይቀው ወረቀት አውጥቶ መሳል ጀመረ። ጤና ይስጥልኝ ብዬ ሄድሁ። ብቻ ውሃ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትመጣለች፤ በመጣችበት ቀን ግቢው ሁሉ ጀሪካን ተሸክሞ ቧንቧው ሥር ይሰለፋል።

አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። የደወለው ከዳር ያለችውን ክፍል የተከራየ መሐንዲስ ነው። ግቢው «ኢንጂነሩ» እያለ ነው የሚጠራው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግቢዎ ውስጥ ፍትሕ የለም» አለኝ።

ሌላ ቃል ቢጠቀም ኖሮ «እሺ ልጄ» ብዬ እዘጋው ነበር። «ምቾት የለም» ቢለኝ «መቼ ነበረ?» እለው ነበር። ግን ፍትሕ አለ። ብድግ አልሁ፤ ጉልበቴ እንኳ ማመሙን ረሳ።

«ምን ተደረገ?»

«አስካለ ውሃ ታዳላለች። እኔ እኩል እየከፈልሁ አንድ ጀሪካን፤ ትርንጎ ሦስት። እሱም ይሁን። የአቶ ገረመውንም ጀሪካን የምታሸክመው እኔን ነው።»

ትርንጎ በዚያ ሰሞን የወለደች ተከራይ ናት፤ አቶ ገረመው ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የታየኝ አራስም ሽማግሌም አልነበረም፤ አራት እኩል ክፍል ነበር። ግድግዳ ያስፈረስሁበት እኩልነት በጀሪካን ሲናድ ታየኝ።

በእሑድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ ሆኖ ልብስ በሚያጥብበት ሰዓት፣ ከባጃጅ ወርጄ ገባሁ። አስካለ አይታኝ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ልትስመኝ መጣች። አልሳምሁም።

«አስካለ፣ አራቱ ክፍል እኩል ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?»

«ይከፍላል እማማ። መጀመሪያ ደህና ዋላችሁ ይበሉን እንጂ!»

«ታዲያ ውሃው ስለምን እኩል አይቀዳም?»

«ጥማቱ እኩል ስላልሆነ ነዋ» አለችና ሳቀች። «ትርንጎ አራስ ናት፤ ከነጋ እስኪመሽ የሕፃን ጨርቅ ታጥባለች። ኢንጂነሩ ምን የሚያጥበው አለ? ምሳውን ሆቴል ይበላል፣ ሸሚዙን ለአጣቢ ይሰጣል። ፊቱን ለመታጠብ አንድ ጀሪካን አልበቃው ካለ ፊቱን እንይለት።»

ተከራዮቹ ሁሉ ሳቁ። ኢንጂነሩ እንኳ በከንፈሩ ጫፍ ሳቀ።

«ለመሆኑ አንቺን እዚህ ዳኛ ያደረገሽ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

ሳቁ ባሰ። እኔ በጠራ እውነት ላይ ቆሜያለሁ ብዬ ሳስብ ሰው ሲስቅብኝ ምላሴ ከእኔ ተለይታ ትሄዳለች። ሄደች። «አድላዊ ነሽ!» አልኋት። ያ ባልከፋ። ቀጠልሁና «ከዚች አራስ ምን እየተቀበልሽ እንደሆነ ደግሞ ማን ያውቃል!» አልሁ።

ሳቁ ቆመ። የአስካለ ፊት ውሃ እንደፈሰሰበት እሳት ሆነ። ትርንጎ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ውስጥ ገባች። አቶ ገረመው ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «ተይ አንቺ ሴት፣ ተይ» አሉኝ። አልተውሁም።

«ቁልፉን አምጪ» አልኋት።

አመጣች። መዳፌ ላይ አስቀምጣው ወደ እጥበቷ ተመለሰች። እኔም በባጃጅ ስመለስ አገር ያቀናሁ መስሎኝ ለሹፌሩ መልሱን ተውሁለት።

ከዚያ አስተዳዳሪ ማማረጥ ጀመርሁ። በመጀመሪያ የጠየቅሁት የንስሐ አባቴን ነው። «አድልዎ የማያውቅ ሰው ይፈልጉልኝ» አልኋቸው። «ከመሪጌታ የተሻለ አላውቅም» አሉኝ። መሪጌታ ሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ የሚያገለግሉ፣ ዜማ አዋቂ፣ ከሰው ገንዘብ ሣንቲም የማይነኩ ሰው ናቸው። ደስ አለኝ። ሹመታቸውን ተቀበሉ። ወሩ ሲያልቅ አስካለ ክፍሏን ለቀቀች ተብሎ ተነገረኝ፤ መሪጌታም እዚያችው ክፍል ገቡ።

እኩልነት እንዳይሰረቅ ብዬ ቧንቧው ላይ ቁልፍ እንዲገባበት አዘዝሁ። ቁልፉን መሪጌታ ያዙ። «አንድ ቤት አንድ ጀሪካን፤ ከዚያ የተረፈ ካለ ደግሞ እንደገና ከዳር እስከ ዳር» አልኋቸው። «ርቱዕ ነው!» አሉኝ። ትርጉሙ ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው። ቀጥ ያለ ነገር እወዳለሁ።

ችግሩ፣ ውሃ የሚለቁት ሰዎች በዓል አያውቁም፤ መሪጌታ ደግሞ ከበዓል ሌላ አያውቁም። ሚካኤል ሲሆን ማኅሌት ላይ ናቸው። ገብርኤል ሲሆን ማኅሌት ላይ ናቸው። እመቤታችን ስትሆን ከዋዜማው ጀምሮ አይገኙም። የወሩን ቀን በጣታችሁ ብትቆጥሩ በዓል የሌለበት ለማግኘት ትቸገራላችሁ፤ ውሃዋም እንደ ተሳለች ሁሉ መርጣ በበዓል ትመጣለች። ቧንቧው በቁልፉ ውስጥ ሲንፏፏ ይሰማል፤ ቁልፉ ያለው በመሪጌታ ቀሚስ ኪስ ነው፤ መሪጌታ ያሉት ከከበሮው ጎን ነው። አንድ ቀን ተከራዮቹ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ደብሩ ድረስ ሄዱ። ምእመናኑ ጠበል የሚቀዱ መስሏቸው ከኋላቸው ተሰለፉ።

ኢንጂነሩ እንደገና ደወለ።

«አሁንስ እኩል ነው ወይ?» አልሁት።

«እኩል ነው እማማ። ሁላችንም የለንም።»

ትርንጎ የሕፃኗን ጨርቅ ይዛ ዓባይ ዳር ስትመላለስ ከረመች። በኋላ ጓዟን ሸክፋ ቆላ ድባ፣ እናቷ ዘንድ ገባች። መሄዷን ስሰማ ጥፋቱን ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰጠሁት። ጥፋት ለመስጠት እጄ አይሳሳም።

መሪጌታን መሻር ደግሞ ከመሾም የባሰ ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ሰው በባዶ እጅ አይባረርም ብዬ አንድ ቁና ጤፍ ይዤ ሄድሁ። ገና ጤፉን ሳስቀምጥ ቆመው መመረቅ ጀመሩ። ለልጆቼ መረቁ፣ ለልጅ ልጆቼ መረቁ፣ ለጉልበቴ መረቁ። እየመረቀኝ ያለ ሰው ፊት ቆሜ እንዴት «ይውጡልኝ» ልበል? «አሜን፣ አሜን» ብዬ ተመለስሁ። እንደገና ሽምብራ ይዤ ሄድሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ለሟች ባለቤቴ ፍትሐት አደረሱ። ስንዱ «እማዬ፣ እኒህን ሰውዬ እያባረርሽ ነው ወይስ እየቀለብሽ?» አለችኝ። በመጨረሻ ባዶ እጄን ስሄድ ራሳቸው ጀመሩት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አሉኝ። «ይህን የውሃ ቁልፍ ይውሰዱልኝ። ማኅሌት ቆሜ የሚታየኝ ጀሪካን ሆነ።»

ቁልፉን ተቀበልሁ፤ እሳቸውም ክፍሉን ለቀው ወደ ደብራቸው ተመለሱ። ሁለታችንም ተነፈስን።

ይህን ጊዜ ደላላው ሙሌ መጣ። ሙሌን ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቀው የለም፤ አንድ ሰው ቤት ይፈልጋል ሲባል ከየት እንደሚሰማ አይታወቅም። «እማማ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አለኝ። «ቤት የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች አሉ። ቢሮ ያላቸው።» ቢሮ ያለውን ሰው አመጣልኝ። ኪሩቤል ይባላል፤ ከረባት አስሮ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ ገና ጎልማሳ ነው።

«ማዘር፣ ምንም እንዳይጨነቁ» አለኝ። «እኔ ሲስተም አለኝ።»

«ሲስተሙ አያዳላም?»

«ሲስተም ሰው አይደለም ማዘር፤ እንዴት ያዳላል?»

ይህ አነጋገር ልቤን ሰረቀው። የሰው ልጅ ሁሉ ያዳላል፤ ሲስተም ግን ሰው አይደለም። አስቡት፣ እስከዚህ ዕድሜዬ የፈለግሁት ነገር ከረባት አስሮ ፊቴ ተቀምጧል። «በል እንግዲህ፣ ቤቱን እንደ ራስህ አድርገህ ያዘው» አልሁት። ሰው ሲናገር ይጠንቀቅ። እንደ ራሱ አድርጎ ያዘው።

በየጊዜው በስልክ ፎቶ ይልክልኛል። ግድግዳው ተቀብቷል። ትልቅ የውሃ ሮቶ በረጅም ብረት ላይ ተሰቅሏል፤ ውሃ በመጣች ጊዜ ይሞላል፣ ሁሉም ይጠጣል። በሩ ላይ አበባ ተተክሏል። ፎቶውን ለመሸንቲ ሰው ሁሉ አሳየሁ። አንዲት ጎረቤቴ ብቻ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ «ሰዎቹስ?» አለችኝ። ፎቶው ላይ ሰው አልነበረም። «ሥራ ሄደው ነዋ!» ብዬ ስልኬን ቀማኋት።

ሳልነግረው አንድ ቀን ሄድሁ። ባጃጁ ሲያቆም «እዚህ አይደለም» አልሁት። ምልክቱን ሁሉ ነገርሁት፤ ማንጎ ዛፍ፣ ሰማያዊ በር። «ማንጎው ያውልዎት» አለኝ። ከማንጎው በላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነብ፤ «ጣና እይታ ፔንሲዮን» ይላል። ከእኔ ግቢ ጣና አይታይም! ታይቶም አያውቅም! በኋላ እንደገባኝ «የታል ጣናው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ በመሰላል ሮቶው ላይ ያወጡታል አሉ።

ገባሁ። የአስካለ ክፍል መስኮት ተሰብሮ ባንኮኒ ሆኗል። ከኋላው ከንፈሯን ቀይ የተቀባች ልጅ ተቀምጣለች።

«ይግቡ እማማ። ብቻዎን ነዎት ወይስ ሰው ይመጣል?»

«የምን ሰው?»

«ለአዳር ነው ወይስ ለአጭር ጊዜ?»

እናንተ፣ ሰባ ዓመት በክብር ኖሬ፣ ጭቃውን ራሴ ባቦካሁት ቤት በር ላይ፣ በነጭ ነጠላዬ ቆሜ፣ ለአጭር ጊዜ ነው ወይ ተባልሁ። ከዘራዬን አንሥቼ ሰሌዳው ላይ ልውጣበት አልሁ፤ አልደረስሁበትም። አበባውን መታሁት። አበባው ምን አደረገ? ግን የደረስሁበት እሱን ብቻ ነው። በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ ከሁለተኛዋ ክፍል ፎጣ ታጥቆ ብቅ አለና «እባካችሁ፣ እረፍት ብለን ነው የመጣን!» ብሎ ተቆጣ። ከኋላው የአንዲት ሴት ድምፅ «ማናት?» ይላል። «የቤቱ ባለቤት ነኝ!» ስል በሩን ዘጋው።

ኪሩቤል ተጠርቶ መጣ።

«ተከራዮቼ የታሉ?»

«አስወጣኋቸው ማዘር። በሕግ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። እርስዎ አይደሉ እኩል አድርግ ያሉኝ? አንዱን ትቼ አንዱን ብል አድልዎ ይሆን ነበር።»

አራቱን እኩል ክፍል እኩል ባዶ አድርጎ፣ የራሴን ቃል መልሶ ሰጠኝ። ኪሩቤልን ለማስወጣት የፈጀብኝን ምልልስ አልዘረዝርም፤ ያኔ እለብሰው የነበረው ነጠላ ዛሬ የዕቃ መወልወያ ነው። ብቻ ወጣ። ሰሌዳውም ወረደ። እኔም ባዶ ግቢ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጬ አስካለን አሰብሁ። ውሸት አልናገርም፤ ከዚያ በፊትም አስቤያታለሁ። ግን ባሰብኋት ቁጥር ሌላ ሰው እሾም ነበር።

«አስታርቁኝና ትመለስልኝ» ብዬ ሽማግሌ ለመላክ ቆረጥሁ። መሪጌታ በደስታ እሺ አሉ። ሙሌም ማን እንደነገረው ሳይታወቅ መጣ። «ደላላ ሽማግሌ ይሆናል ወይ?» ብለው መሪጌታ ቢጠይቁት «ሁለቱም ሰው ማገናኘት ነው፤ የእኔው ክፍያ አለው እንጂ» አላቸው።

በደል የሠራ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ። «የልጅቱ ልብ ክፉኛ ስለተነካ ድንጋዩ አይቀርም» አሉ መሪጌታ። ታናሽ ታላቁን ይለምናል እንጂ አሮጊት ለልጅ ድንጋይ ስትሸከም አይተን አናውቅም የሚል ሰው ነበረ። እኔ ግን ያጠፋ ሁሉ እኩል ነው አልሁ። ሙሌ ድንጋይ ሊያመጣልኝ ሮጠ፤ ለመንገድ ሥራ ከተከመረው ላይ አንድ አራት ማዕዘን ጥርብ ድንጋይ አንሥቶ መጣ። ዓባይን ተሻግረን አስካለ ወደተከራየችበት ግቢ ስንደርስ ትከሻዬ ላይ አስቀመጡልኝ። በአንድ በኩል መሪጌታ፣ በአንድ በኩል ሙሌ ደግፈውኝ ገባን።

አስካለ ልጇን ጸጉር እየሠራች ደጅ ተቀምጣ ነበር። አየችን። ብድግ አለች።

መሪጌታ የለመዱት የጋብቻ ሽምግልና ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጃችሁን ለልጃችን...» ብለው ጀመሩ።

«መሪጌታ!» አለ ሙሌ በክርኑ ጎሽሞ።

አስካለ ያቺን ሳቋን ለቀቀችው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። «እማማ፣ ሊያገቡኝ ነው የመጡት?» አለችና ድንጋዩን ከትከሻዬ አነሣችው። አገላብጣ አየችው። «ይህ የመንገዱ አይደለም እንዴ? መልሱት፤ ከበደሌ በላይ የመንግሥት ንብረት ልታሸክሙኝ ነው?»

በርጩማ አመጣችልኝ። ጉልበቴን ጨብጬ ተቀመጥሁ። የተናገርሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አነሣሁ፤ አራሷን ጭምር። «ይቅር በይኝ» አልኋት።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። «ታርቄያለሁ። ካሳዬን ግን እጠይቃለሁ።»

«ይጠየቅ» አሉ መሪጌታ። ሙሌ ጆሮውን አቀና።

«ያን ነገር የተናገሩኝ በሰው ፊት ነው። በእነዚያው ሰዎች ፊት ‹አስካለ ምንም አልተቀበለችም› ይበሉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ፍርዱ ልክ ነበር። እኔ ራሴ ብፈርድ ከዚህ አላሳምረውም ነበር። የከፋኝም እሱ ነው፤ ሰዎቹን ሁሉ በእጄ በትኛቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ኢንጂነሩን ፈለግሁት። ሥራ ተዛውሮ ሌላ አገር ሄዷል። በስልክ አገኘሁት።

«አስካለ ምንም አልተቀበለችም» አልሁት።

«የትኛዋ አስካለ?»

«የውሃዋ!»

«የምን ውሃ እማማ?»

ረስቶታል። ያን ሁሉ ነገር ያነሣው ሰውዬ ረስቶታል። አስታወስሁት፤ ሲያስታውስ ሳቀና «እኔ እኮ ያን ቀን ትንሽ ተናድጄ ነው እንጂ አስካለ ጥሩ ሰው ነበረች» አለኝ። ይህን ያኔ ቢለኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ ቆላ ድባ ሄድሁ። በዚህ ጉልበት ጎንደር መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ታጥፌ። ትርንጎን ያገኘኋት እህል ተራ ነው፤ እናቷ ጤፍ ትሸጣለች፣ እሷ ትሰፍራለች። ያ ሕፃን ጆንያ ላይ ቆሞ ሽምብራ ይበትናል።

«እማማ! እስከዚህ ድረስ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አስካለ ካንቺ ምንም አልተቀበለችም!» አልኋት ጮክ ብዬ፤ ሰው ይስማ ብዬ ነው። ሰው ሰማ። አጠገቧ ያለው ነጋዴ «አስካለ የምትሸጠው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ትርንጎ መስፈሪያዋን አስቀመጠች። «ተቀብላኛለች እንጂ እማማ» አለች። «ከፋብሪካ ስትመለስ ልጄን ትቀበለኝ ነበር፤ እኔ ትንሽ እንቅልፍ እንዲወስደኝ። እሷ ራሷ ቆማ ከመዋሏ የተነሣ እግሯ አብጦ።»

አቶ ገረመው ቀሩ። የልጃቸውን ቤት አጠያይቄ አገኘሁት። በሩን የከፈተልኝ ልጃቸው ጥቁር ለብሷል። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ለቅሶ ተቀመጥሁ።

ወደ አስካለ የተመለስሁት ብቻዬን ነው። ሁለቱን ነገርኋት። «አንዱን ግን ላመጣልሽ አልችልም» አልኋት። ማረፋቸውን ሰምታ ኖሯል።

«እሳቸው እኮ ያን ቀን፣ እርስዎ እንደወጡ፣ የክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙ» አለችኝ። «‹ይህች ሴት አፏ ነው እንጂ ልቧ ቂም አያውቅም። ነገ ከነገ ወዲያ መጥታ ራሷ ትስቃለች። ዕቃሽን እንዳትሸክፊ› አሉኝ። አልሸከፍሁም እማማ። ወሩን ሙሉ የበሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እርስዎ እየመሰሉኝ እወጣ ነበር።»

በዚያ ወር እኔ መሸንቲ ነበርሁ። ልጆቹ ስልኬን ነክተው እንዳይዘጉብኝ በመሐረብ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤ፣ አስካለ ደውላ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ እጠብቅ ነበር። ይህን ግን አልነገርኋትም። ምን ብዬ?

«ትመለሺልኛለሽ?» አልኋት።

«አልመለስም። ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት ለምዳለች፤ እኔም ለምጃለሁ። እንዳይከፋዎት።» እጄን ያዘችው። «እንግድነት ግን ይምጡ። አውራ ጎዳናው ድረስ እየወጣሁ እቀበልዎታለሁ።»

እሄዳለሁ። እየሄድሁም ነው። ግቢዋ ግን ሰው ትፈልጋለች። ባለፈው ሳምንት ሙሌ ደወለና በዚያ በችኮላው ድምፅ «እማማ፣ በእጄ ብዙ ሰው አለ፤ ምን ዓይነት አስተዳዳሪ ላምጣልዎት?» አለኝ።

«የምታዳላ ሴት ፈልግልኝ» አልሁት።

«ሃሎ? ሃሎ እማማ? ኔትወርኩ መሰለኝ።»

«ኔትወርኩ ደህና ነው። አራስ ስታይ የምታዳላ፣ ሽማግሌ ስታይ የምታዳላ፣ ስቆጣ የምትስቅብኝ።»

«እፈልጋለሁ» አለኝ። እስካሁን አልደወለም።